ከአገር ውጭ ለሚደረግ ክሮኖ፦ ቬተራን ብስክሌተኛ ውድድሩን፣ ብስክሌቱንና ጉዞውን እንዴት ይምረጥ?

የግል የሰዓት ሙከራ፣ ብስክሌተኛው በልማድ ክሮኖ የሚለው፣ ዕድሜው ለገፋ አማተር፣ ማለትም ለቬተራን፣ ከሁሉም የተሻለ የውድድር ዓይነት ነው ብለን እናምናለን። ግፊያ የለውም። ፊት ያለው ሲወድቅ አብሮ መውደቅ የለም። ሌላውን ከነፋስ ጋርዶ እስከ መጨረሻው ወስዶ በ200 ሜትር ውስጥ መቀደምም የለም። ሁሉም በ30 ሰከንድ ወይም በ1 ደቂቃ ልዩነት ይለቀቃል፤ ብቻውን ይጋልባል፤ ውጤቱ ያለ ክርክር ይነበባል። የ40 ዓመት ሰው ከ40 ዓመት ሰው፣ የ65 ዓመቱም ከእኩዮቹ ጋር ይመዘናል።

ከአገር ሲወጣ ግን ለግማሽ ሰዓት ግልቢያ የወራት ዝግጅት ይጠይቃል። ብዙ ሰው ዝግጅቱን የሚጀምረው «የትኛውን የክሮኖ ብስክሌት ልግዛ?» ብሎ ነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። መጀመሪያ ውድድሩ ይመረጣል፤ የመንገዱ ጠባይ የብስክሌቱን ዓይነት ይወስናል፤ ብስክሌቱ ደግሞ የሚጓጓዝበትን ሣጥን። ወጪው አብዛኛውን ጊዜ የሚባክነው ይህ ቅደም ተከተል ሲዛባ ነው።

የትኛው ውድድር?

ከስሙ እንነሳ። የዓለም ብስክሌት ማኅበር፣ ዩሲአይ፣ ለአማተሮች የሚያዘጋጀው የግራን ፎንዶ (ረጅም የጎዳና ግልቢያ) የዓለም ሻምፒዮና ከጎዳናው ውድድር ጎን ክሮኖም አለው። በየዕድሜ ምድቡ አንደኛ የወጣ ሰው ባለቀስተ ደመናውን ማሊያ ይለብሳል፤ ፕሮፌሽናሎቹ የሚለብሱት ዓይነት ነው። በ2024 ዴንማርክ ኦልቦርግ፣ በ2025 አውስትራሊያ ሎርን ላይ ተካሂዷል፤ የ2026ቱ ለጃፓኗ ኒሴኮ የተሰጠ ነው። ችግሩ ዝም ብሎ የማይገባበት መሆኑ ነው። በዓመቱ ውስጥ በተለያዩ አገሮች ከሚደረጉ የማጣሪያ ውድድሮች በአንዱ ተሰልፎ፣ በዕድሜ ምድብዎ ከጨረሱት የመጀመሪያው ሩብ ያህሉ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። ለአዲስ አበባ ነዋሪ ይህ ማለት ሁለት ቪዛ፣ ሁለት ቲኬት፣ ሁለት ጊዜ ሣጥን ማሰር ነው። ማጣሪያውን ሲመርጡም ክሮኖ ያለው መሆኑን ያረጋግጡ፤ የጎዳና ውድድር ብቻ ያላቸው ብዙዎች ናቸው።

ማጣሪያ የማይጠይቁት ደግሞ አሉ። በኦስትሪያ አተርዜ ሐይቅ ዙሪያ በየመስከረሙ የሚደረገው «ኪንግ ኦፍ ዘ ሌክ» 47.2 ኪ.ሜ. ነው፤ መንገዱ ለመኪና ይዘጋል፤ ከፕሮፌሽናል እስከ ጡረተኛ በአንድ ቀን ይሰለፋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገሩ ለሚወጣ ቬተራን ከዚህ የተሻለ አናውቅም። ሐይቁን ዞሮ ወደተነሱበት ስለሚመልስ በአንድ ወገን የገፋዎት ነፋስ በሌላው ወገን ይቃወምዎታል፤ ስለዚህ ኃይልን መመጠን ይፈትናል። ርዝመቱ ግን ቀልድ አይደለም፤ ለአብዛኛው ቬተራን ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። 20 ኪ.ሜ. ብቻ የለመደ ሰው 30ኛው ኪሎ ሜትር ላይ አንገቱ አልታዘዝ ይለዋል።

ዕድሜያቸው ለገፋ ስፖርተኞች የሚዘጋጁት የማስተርስ ጨዋታዎች ሌላው መንገድ ናቸው። የዓለም ማስተርስ ጨዋታዎች ማጣሪያ የላቸውም። በ2017 ኦክላንድ ላይ ተካሂደው ነበር፤ በ2021 ሊደረግ የነበረው የጃፓን ካንሳይ ዝግጅት ወደ ግንቦት 2027 ተሸጋግሯል። አሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖች ደግሞ በቅርብ ያለው በዩታ፣ ሴንት ጆርጅ ከተማ በየጥቅምቱ የሚደረገው የሀንትስማን የዓለም ሲኒየር ጨዋታዎች ነው። ዕድሜው 50 የሞላ ሁሉ ይመዘገባል፤ ክሮኖ፣ ዳገት፣ የጎዳናና የዙር ውድድር በአንድ ሳምንት ይሰጣል። የመኖሪያ ፈቃድ ላለው ሰው ቪዛ የለም፤ ከዋሽንግተን የሰዓት ልዩነቱም 2 ብቻ ነው። በየሁለት ዓመቱ የሚደረገው የአሜሪካ ብሔራዊ የሲኒየር ጨዋታ ክሮኖ 5 እና 10 ኪ.ሜ. ስለሆነ በአጭር ርቀት ፈጣን ለሆነ ሰው ይመቻል፤ እዚያ ለመድረስ ግን በቀደመው ዓመት በክፍለ ግዛት ደረጃ ማለፍ ይጠይቃል።

እንግሊዝ ለብቻዋ የምትታይ አገር ናት። ክሮኖ እዚያ ባህል ነው፤ ከፀደይ እስከ መስከረም በየሳምንቱ መጨረሻ 10 ማይል (16.1 ኪ.ሜ.) እና 25 ማይል (40.2 ኪ.ሜ.) ውድድር አይጠፋም፤ የመመዝገቢያ ዋጋውም ርካሽ ነው። የቬተራኖቹ ማኅበር ከ40 ዓመት ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዕድሜ መነሻ ሰዓት አውጥቶ፣ አንድ ሰው ከዕድሜው መነሻ በስንት ሰከንድ እንደተሻለ ይመዝናል። የ70 ዓመት ሰው የ45ቱን የሚያሸንፍበት ፍትሐዊ ሥርዓት ነው። ነገር ግን መንገዱ ለመኪና ክፍት ነው። ባለሁለት መስመር አውራ ጎዳና ላይ ከባድ መኪና በጎንዎ ያልፋል፤ ትራፊኩ በግራ ነው፤ ቀይ የኋላ መብራት ግዴታ ነው። የቀኝ ትራፊክ የለመደ ሰው አደባባይ ላይ ዓይኑ ያለ ፈቃዱ ወደ ተሳሳተው አቅጣጫ ይሄዳል። እንግሊዝ ለሚኖር ሰው ይህ የቤቱ ነው፤ ከውጭ ለሚሄድ ግን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ጉዞው ቢሆን እንመርጣለን።

ከመመዝገብዎ በፊት ዕድሜዎን በትክክል ያስሉ። በአብዛኛው ዓለም አቀፍ ውድድር ምድብ የሚወሰነው በፈረንጆች ዲሴምበር 31 በሚኖርዎት ዕድሜ ነው፤ ስሌቱ የውድድሩ ዓመት ሲቀነስ ፓስፖርት ላይ ያለው የትውልድ ዓመት ነው። ፓስፖርቱ 1976 የሚል ሰው ልደቱ ኅዳር ላይ ቢሆንም በ2026 ከጥር ጀምሮ የ50–54 ምድብ ነው። እኛ ዘንድ የሚፈጠረው ስህተት ከዘመን አቆጣጠር ይመጣል፦ በኢትዮጵያ 1968 የተወለደ ሰው ፓስፖርቱ 1975 ወይም 1976 ሊል ይችላል፤ አንዷ ዓመት ምድብ ትለውጣለች። ከልደት ካርድዎ አይቁጠሩ፤ ፓስፖርቱን ይክፈቱ። ወደ አዲስ ምድብ የሚሸጋገሩበት ዓመት፣ ማለትም 50፣ 55 ወይም 60 የሚሞሉበት፣ የምድቡ ልጅ የሚሆኑበት ስለሆነ ትልቁን ጉዞ ለዚያ ዓመት ማቆየት ብልህነት ነው።

ቪዛና ኢንሹራንስ

የሸንገን ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ጀምሮ ይቀበላሉ። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2024 በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚያመለክቱ መደበኛውን የ15 ቀን ምላሽ ወደ 45 ቀን አራዝሟል፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም አግዷል። የመስከረም ውድድር ለሚያስብ ሰው ሰኔ ላይ ማመልከት ዘግይቷል ማለት ይቻላል፤ ግንቦት መጀመሪያ ይሻላል። የምዝገባ ማረጋገጫውን፣ የውድድሩን ደንብና ከሚሰሩበት ክለብ ወይም ፌዴሬሽን የተጻፈ ደብዳቤ አብረው ያስገቡ። የገንዘብ ተመላሽ የሌለው ምዝገባ ከቪዛ በፊት የሚጠይቅ ከሆነ፣ ሲከለከሉ ወደ ቀጣዩ ዓመት ያዛውሩ እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ለቪዛው የሚጠየቀው የ30,000 ዩሮ ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ «ስፖርታዊ ውድድር አይሸፍንም» የሚል አንቀጽ አለው። ቪዛውን ያስገኛል፤ ወድቀው ክላቭክል የሚባለው የትከሻ አጥንት ቢሰበር ግን አይከፍልም። ውድድርን በስም የሚሸፍነውን ተጨማሪ መግዛት ግድ ነው።

ኮርሳ ከማራዘሚያ ጋር፣ የክሮኖ ብስክሌት ወይስ ኪራይ?

ሜዳ መንገድ ላይ ከ30 ኪ.ሜ. በሰዓት በላይ ሲጋለብ ከጉልበቱ አብዛኛውን የሚበላው ነፋስ ነው፤ ነፋሱን ከሚይዘውም ትልቁ ሰውነት ነው እንጂ ብስክሌቱ አይደለም። ስለዚህ ንጽጽሩ በብስክሌት ስም ሳይሆን በአቀማመጥ መሆን አለበት። ከብስክሌቱ ጋር 82 ኪሎ የሚመዝንና 220 ዋት (የእግር ኃይል መለኪያ ነው) ይዞ መቆየት የሚችል ሰው፣ ነፋስ በሌለበት ሜዳ፣ በባሕር ወለል ከፍታ 20 ኪ.ሜ. ቢጋልብ ስሌቱ እንዲህ ይወጣል። ኮርሳ፣ ማለትም ተራው የጎዳና ውድድር ብስክሌት፣ ላይ እጁን የፍሬን መያዣው ላይ አድርጎ 34 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ገደማ። በዚያው ኮርሳ መሪ ላይ የክንድ መደገፊያ ያለው ማራዘሚያ አስሮ፣ ክንዱን ሰብስቦ ሲተኛ 32 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ። ሙሉ የክሮኖ ብስክሌት ላይ በደንብ ተስተካክሎ 31 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ።

ቁጥሩን ልብ ይበሉ። ማራዘሚያው ከ100 እስከ 200 ዶላር ገደማ ነው፤ መቶ ሰከንድ ያህል ይሰጣል። የክሮኖው ብስክሌት ብዙ ሺህ ዶላር ሆኖ ተጨማሪ መቶ ሰከንድ የማትሞላ ያክላል፤ ያችንም የሚያገኛት እዚያ አቀማመጥ ላይ ግማሽ ሰዓት መቆየት የሚችል ሰው ብቻ ነው። ከ50 ዓመት በላይ የሆነ አንገትና ዳሌ በአንድ ወር አይለምድም። በየ5 ደቂቃው አንገቱን ለማሳረፍ ቀና የሚል ሰው ያገኘውን ሁሉ ይመልሳል። ለዚህ ነው ለመጀመሪያው ጉዞ ኮርሳ ከማራዘሚያ ጋር የምንመክረው። የክሮኖ ብስክሌት የሚገዛው ቢያንስ ሁለት ውድድር በማራዘሚያ ጨርሶ፣ አቀማመጡን ሳይነቃነቅ 40 ደቂቃ መያዝ የቻለ ሰው ነው። መንገዱ ዳገትና ጥምዝ የሚበዛበት ከሆነ ግን ያኔም ኮርሳው ሊሻል ይችላል።

ማራዘሚያ ሲታሰር ኮርቻው ባለበት ከቆየ ደረት ከጭን ጋር ይጋጫል፤ ሆድ ይታፈናል፤ ዋቱ ይወርዳል። ኮርቻውን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ይግፉት፤ ወደ ፊት ሲሄድ ከፔዳሉ ያለው ርቀት ስለሚያጥር በ5 ሚሊ ሜትር ገደማ ከፍ ያድርጉት። የክርን መደገፊያውን ለማውረድ አይቸኩሉ። ብዙ ቬተራን መደገፊያውን 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ፣ ትከሻውን ወደ ጆሮው ጠጋ አድርጎ፣ ራሱን በእጆቹ መካከል ዝቅ ሲያደርግ ከዝቅተኛው አቀማመጥ የበለጠ ይፈጥናል፤ ምክንያቱም ይቆይበታል። ሰው በስልክ ከፊትና ከጎን ይቅረጽዎት። ከፊት ሲታዩ ራስዎ ከትከሻዎ መስመር በላይ ብቻውን ቆሞ የሚታይ ከሆነ፣ ውድ ጎማ ከመግዛት በፊት የሚስተካከለው እሱ ነው። ልምምዱ ከ10 ደቂቃ ተጀምሮ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ እየጨመረ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል።

የዩሲአይ ደንብ በሚሰራበት ውድድር ብስክሌት ከ6.8 ኪሎ በታች መሆን አይችልም። የማራዘሚያው ጫፍ ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት ዘንግ መሐል አንስቶ ወደ ፊት ሲለካ፣ ቁመቱ ከ180 ሴንቲ ሜትር በታች ለሆነ 80፣ እስከ 190 ላለው 83፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 85 ሴንቲ ሜትር ላይ ያበቃል። ካልሲ ደግሞ ከቁርጭምጭሚትና ከጉልበት መካከለኛ ቦታ አይበልጥም። መለኪያው ቦታው ላይ በሌላ ሰው እጅ ስለሚያዝ ከገደቡ 5 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ መሆን ያሳርፋል። በእንግሊዝና በሲኒየር ጨዋታዎች ደንቡ ላላ ይላል፤ የተመዘገቡበትን ውድድር ደንብ ያንብቡ።

ኪራይ የሣጥኑን ጣጣ ያስቀራል፤ ለጎዳና ግልቢያም ጥሩ ነው። ለክሮኖ ግን አንወደውም። የክሮኖ ብስክሌት የሚያከራይ ሱቅ ጥቂት ነው፤ ቢገኝም በአንድ ከሰዓት በኋላ የራስዎን አቀማመጥ መመለስ አይቻልም። ግድ ከሆነ ኮርሳ ይከራዩ፤ ፔዳልዎን፣ ኮርቻዎንና ማራዘሚያዎን ይዘው ይሂዱ። ከመሄድዎ በፊት የመሪውን ውፍረት ይጠይቁ፤ ማራዘሚያው በአብዛኛው የሚታሰረው መሐሉ 31.8 ሚሊ ሜትር ክብ በሆነ መሪ ላይ ነው፤ ጠፍጣፋ የካርቦን መሪ አይቀበለውም። አደገኛው ነገር ግን ፍሬኑ ነው። እንግሊዝ ውስጥ የፊት ጎማን የሚይዘው የቀኝ እጅ ፍሬን ነው፤ በአሜሪካና በአብዛኛው አውሮፓ የግራው ነው። ደንግጦ የለመደውን የሚጨብጥ ሰው ያልጠበቀው ጎማ ይቆለፍበታል።

ስለ ጎማ በአጭሩ፦ ከኋላ ሙሉ ዲስክ ጥሩ ነው፤ ከፊት ከ50 ሚሊ ሜትር የጠለቀ ቸርኬ ግን ከ65 ኪሎ በታች የሆነን ሰው ሐይቅ ዳር በጎን ነፋስ ይገፋዋል፤ መሪውን ጨምድዶ የሚይዝ ሰው ደግሞ አይተኛም። ጎማው 25 ወይም 28 ሚሊ ሜትር ይሁን። የላቴክስ ካላማዳሪ ከተራው በእያንዳንዱ ጎማ ጥቂት ዋት ያተርፋል፤ ሌሊቱን ግን አየር ስለሚያስተነፍስ ጠዋት ይነፋል። ማታ ነፍቶ የተኛ ሰው ጠዋት በለሰለሰ ጎማ ይነሳል። የ75 ኪሎ ሰው ለ25 ሚሊ ሜትር ከ5.5 እስከ 6 ባር፤ ዝናብ ከሆነ 0.5 ያህል ይቀንስ።

ሣጥን ወይስ ለስላሳ ቦርሳ?

ጠንካራ የፕላስቲክ ሣጥን ከ10 እስከ 13 ኪሎ ይመዝናል። 9 ኪሎ ብስክሌት ሲጨመርበት ከአብዛኛው አየር መንገድ ገደብ፣ ከ23 ኪሎ፣ የሚተርፈው ከ1 እስከ 4 ኪሎ ብቻ ነው። ውስጡ ብረት ያለው ለስላሳ ቦርሳ ከ8 እስከ 9 ኪሎ ነው፤ ሄልሜትና ጫማ ይጨምራል፤ ሆቴል ውስጥም ይታጠፋል። ከላይ የሚጫን ክብደት ግን እንደ ሣጥኑ አይከላከልም። ቀጥታ በረራ ከሆነ ቦርሳው ይበቃል፤ ሁለት ቦታ የሚቀይሩ ከሆነ ሣጥኑን እንመርጣለን። የብስክሌት መደብር የሚጥለው ካርቶን በነፃ ይገኛል፤ ለአንድ መንገድ ያገለግላል፤ ለመመለሻ ዝናብ ያረሰው ካርቶን ግን አያስተማምንም። መሪውና ሽቦው ውስጥ ለውስጥ የተያያዘ የክሮኖ ብስክሌት ደግሞ መሪው ሳይፈታ የሚቀመጥበት ሰፋ ያለ ሣጥን ይፈልጋል፤ ይህን ሳያውቁ የገዙት ሣጥን አይዘጋም።

ሲያሽጉ ኮርቻው የገባበት ቁመት፣ ማራዘሚያው የቆመበትና የክርን መደገፊያው ስፋት ላይ የኤሌክትሪክ ቴፕ ይለጥፉ፤ በሜትርም ለክተው ስልክዎ ላይ ይጻፉ። ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት ዘንግ መሐል እስከ ኮርቻው አናት፣ ከኮርቻው አፍንጫ እስከ ክርን መደገፊያው ኋላ፤ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ካሉዎት ማንም መካኒክ ይመልስልዎታል። የኋላውን ማርሽ ቀያሪ በ5 ሚሊ ሜትር ብሩጎላ ከሃንገሩ (ከፍሬሙ ጋር ከሚያያይዘው ትንሽ ብረት) ይፍቱና በጨርቅ ጠቅልለው ከፍሬሙ ውስጠኛ ጎን ይሰሩት። የዲስክ ፍሬን ከሆነ ዲስኮቹን ከጎማው ያውልቁ፤ በፍሬን ሸራዎቹ መካከል ደግሞ ፕላስቲኩን ወይም የታጠፈ ካርቶን ያስገቡ፤ አንድ ሰው ሳያስበው ፍሬኑን ቢጨብጥ ሸራዎቹ ተጣብቀው ዲስኩ አይገባም። ተነቃይ ባትሪ ያለው የኤሌክትሪክ ማርሽ ከሆነ ባትሪው በእጅ ሻንጣ ይሂድ። የጋዝ መንፊያ ካርትሪጅ የአየር መንገዱን ፈቃድ ስለሚፈልግ ቤት ይተውት፤ እዚያ ይግዙ። የፍሬሙን ቁጥርና የግዢ ደረሰኙን ፎቶ ይያዙ፤ ቦሌ ሲመለሱ አዲስ ዕቃ ይዘው እንዳልገቡ የሚያሳየው እሱ ነው።

ሲደርሱ የመጀመሪያው ሥራ ሃንገሩን ማየት ነው። ጣት የምታህል ለስላሳ ብረት ናት፤ ሆን ተብሎ ከፍሬሙ ቀድማ እንድትታጠፍ ተሠርታለች። ከኋላ በርከክ ብለው ይመልከቱ፦ የማርሽ ቀያሪው ሁለት ትናንሽ ጥርሶች ከኋላ ጥርሶቹ ጋር በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ካልወረዱ ሃንገሯ ተጣምማለች። በዚያ ሁኔታ ወደ ትልቁ ጥርስ ሲቀይሩ ማርሽ ቀያሪው ራጂ (የጎማው ሽቦዎች) ውስጥ ይገባና ጎማውንም ፍሬሙንም ይሰብራል። ሃንገር በአብዛኛው ለየፍሬሙ የራሱ ዓይነት ስለሆነ እዚያ ከተማ ላይገኝ ይችላል፤ መለዋወጫውን ከቤት ይዞ መሄድ ከሁሉም የሚበልጥ መድን ነው። ከዚያ የመሪውንና የኮርቻውን ብሎን በቶርክ ቁልፍ በተጻፈበት ልክ ያጥብቁ፤ ብዙውን ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር ነው። በጉዞ ድካም ላይ በግምት ያጠበቀ እጅ ካርቦን ይሰነጥቃል፤ ያላላ እጅ ደግሞ ውድድር መሐል ማራዘሚያውን ወደ ታች ያዘነብላል።

ከአዲስ አበባ ሲወርዱ ፍጥነቱ ለምን ይቀንሳል?

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አገር አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። የቀደመው ምሳሌ ላይ ያለው ሰው በማራዘሚያ ተኝቶ፣ በዚያው 220 ዋት፣ አዲስ አበባ ላይ 40 ኪ.ሜ. በሰዓት ይጋልባል፤ ኦልቦርግ ላይ ግን 36.6 ብቻ። ኦክስጅኑ ሲጨምር ዋቱ 8 በመቶ ያህል ቢያድግለት እንኳ 37.7 ገደማ ላይ ይቆማል። ይህን ያላወቀ ሰው የፍጥነት መለኪያው ላይ 37 ሲያይ «ዛሬ እግሬ የለም» ብሎ ይደነግጥና 40ን ለማግኘት ከአቅሙ በላይ ይረግጣል፤ በ8ኛው ኪሎ ሜትርም ያልቅበታል። ስለዚህ ከደጋ ለሚወርድ ሰው የዋት መለኪያ ከክሮኖ ብስክሌት ይቀድማል። እሱ ከሌለ ፍጥነቱን ከስክሪኑ ላይ ያጥፉትና በትንፋሽ ይሂዱ። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጡ ግን ይህ ችግር የለባቸውም፤ የእነሱ ጣጣ ብርድ ነው። በ35 ዲግሪ የለመደ ጡንቻ በኦስትሪያ ጠዋት 10 ዲግሪ ላይ ለመሞቅ 20 ደቂቃ ሳይሆን 35 ደቂቃ ይፈልጋል።

የሰዓት ልዩነትን በተመለከተ ለአንድ ሰዓት አንድ ቀን ያህል ይያዙ። ከአዲስ አበባ ወደ መካከለኛው አውሮፓ በበጋቸው 1 ሰዓት ብቻ ስለሆነ 3 ወይም 4 ቀን ቀድሞ መድረስ ይበቃል፤ ያውም ሣጥኑ ቢዘገይ ለመጠበቅ ነው። ወደ ጃፓን 6 ሰዓት ነው፤ ሙሉ ሳምንት ካልሆነ ጉዞው ይባክናል።

መድኃኒትና ምርመራ

ቬተራኖች ከወጣቶች የሚለዩበት ነገር ቢኖር የኪስ መድኃኒት ነው። በዩሲአይ ሥር ያለ ውድድር የፀረ ዶፒንግ ደንብ አለው፤ የአማተር ምድብም ይመረመራል። ለደም ግፊት የሚሰጡ ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ በማንኛውም ጊዜ የተከለከሉ ናቸው፤ በጥምር ክኒን ውስጥም ይደበቃሉ። ኢንሱሊንም የሕክምና ፈቃድ ይፈልጋል። ትራማዶል የተባለው የሕመም ማስታገሻ በዓለም የፀረ ዶፒንግ ዝርዝር ከጥር 2024 ጀምሮ በውድድር ጊዜ ተከልክሏል። ለአስም የሚነፋው ሳልቡታሞል በመጠን ይፈቀዳል። ሐኪምዎ ዘንድ የክኒኑን ማሸጊያ ይዘው ይሂዱ፤ የውስጡን ስም እንጂ የንግድ ስሙን አይመኑ። መድኃኒቱን ለውድድር ብለው በራስዎ አያቋርጡ፤ ወይ በሌላ ይቀየራል ወይ ፈቃዱ ይጠየቃል። ቤታ ብሎከር ለብስክሌት አልተከለከለም፤ የልብ ምትን ስለሚያወርድ ግን በልብ ምት መጋለብን ያሳስታል።

የመነሻው ጠዋት

የመነሻ ዝርዝር ላይ 09፡43፡30 ካለ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3፡43፡30 ነው። ስልክዎን፣ የብስክሌት ኮምፒውተሩንና ሰዓትዎን በአገሩ አቆጣጠር ብቻ ያድርጉ፤ ሁለቱን በልብ እያቀያየሩ መሄድ አንድ ቀን ያሳስታል። የብስክሌት ልኬት ካለ ከመነሻው ቀደም ብሎ ይዘጋል፤ መዝጊያውን ከደንቡ አስቀድመው ይጻፉ።

ለ20 ኪ.ሜ. ውድድር የማሞቂያው መጨረሻ ከመነሻው 8 ደቂቃ በፊት ይሁን። ወደ መድረኩ ሲወጡ ማርሹ መካከለኛ ላይ ይሁን፤ ከባድ ማርሽ ይዞ የወጣ ሰው ከመድረኩ ሲወርድ ይንገዳገዳል። ከኋላ ኮርቻዎን የሚይዝ ሰው ይኖራል። ሁለቱን እግር አስገብተው፣ የቀኙን ፔዳል ከላይ ትንሽ ወደ ፊት አድርገው፣ እጅዎን ከፍሬን ያንሱ። ዳኛው ከ5 ወደ ታች ሲቆጥር ሰውነት ወደ ፊት መግፋት ይጀምራል፤ እዚህ ላይ ይታገሱ፤ ቀድሞ የወጣ ይቀጣል። ዘግይቶ የደረሰ ሰው ደግሞ ሰዓቱ የሚቆጠርበት ከተመደበለት ደቂቃ ነው።

የመጀመሪያዎቹ 3 ደቂቃዎች ቀላል መስለው ይታያሉ። 220 ዋት የሚችል ሰው ሳያውቀው 290 ይረግጣል። ከ210 አይለፉ። ዳገት ላይ እስከ 240 ይጨምሩ፤ ቁልቁል ከ45 ኪ.ሜ. በላይ ከሄዱ ተኝተው ማረፍ ይሻላል። የፊት ነፋስ ላይ ትንሽ ይጨምሩ፤ የኋላ ነፋስ ላይ ይቀንሱ። ሰው ሲደርሱበት በጎን ቢያንስ 2 ሜትር ርቀው ይለፉ፤ ከ1 ኪ.ሜ. በኋላ የተደረሰበት ሰው 25 ሜትር ወደ ኋላ መቆየት አለበት። የደረሰብዎት ሰው ቢኖር ከኋላው አይከተሉ፤ ቅጣቱ በሰከንድ ይደመራል። የመጨረሻዎቹ 4 ኪሎ ሜትሮች ላይ ዋቱ እንዳለ ከቆየና ትንፋሹ ብቻ ካየለ በትክክል መጥነዋል፤ እዚያ ላይ 10 ዋት ይጨምሩና መስመሩን እስኪያልፉ ራስዎን ከእጆችዎ መካከል አያንሱ።